ከአገር ቤት አብሮ የመጣ የሆድ ትል፦ እንዴት ይመረመራል፣ እንዴትስ ይታከማል?

ውጭ አገር ዓመታት ኖራችሁ፣ ሆዳችሁ ግን ዛሬም ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ አንዴ ተቅማጥ አንዴ ድርቀት ይላል። ሐኪሙ «ሰገራው ንጹሕ ነው» ብሎ ሸኝቷችኋል። ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እናት አባታቸውን ከአገር ቤት አምጥተው ሐኪም ቤት የሚያመላልሱ ልጆችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር። አንዳንድ የሆድ ትሎች ከአገር ከወጣችሁ ሃያና ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላም ውስጣችሁ ሊኖሩ ይችላሉ። አንዴ ብቻ በተሰጠ ሰገራ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት (እንደ ፕሬድኒሶን ያለው) ሲጀመር ሰው ሊገድል ይችላል። ይህ ሁሉ በጥቂት ክኒን የሚድን ነገር ነው። መኖሩን የሚጠረጥር ሰው ጠፍቶ ብቻ አንድ ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ ማየት በጣም ያሳዝናል፣ ያናድዳልም።

ከታች የመድኃኒት መጠን እጽፋለሁ። የምጽፈው ሐኪማችሁ የሚያዝላችሁን እንድትረዱና ጥያቄ እንድትጠይቁ ነው። ከዚህ ላይ እያነበባችሁ በራሳችሁ ክኒን አትዋጡ።

1. የትኛው ትል ነው አብሯችሁ ሊኖር የሚችለው?

ሁሉም ትል እኩል አይቆይም። ወስፋት ዕድሜው አንድ ሁለት ዓመት ነው። የመንጠቆ ትልም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው፣ አልፎ አልፎ ግን ጥቂት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ከአገር ከወጣችሁ አሥር ዓመት ከሆናችሁና ተመልሳችሁ ካልሄዳችሁ፣ የዛሬውን የሆድ ሕመም በወስፋት ማሳበብ አያስኬድም። የሚቆዩት ሌሎች ናቸው።

የመጀመሪያው ስትሮንግሎይድስ ነው። ስሙን ያዙት፣ ምክንያቱም ወገኖቻችን ብዙም አይሰሙትም፣ እዚህ ያሉ ሐኪሞችም ብዙዎቹ በሥራቸው አያጋጥማቸውም። ርዝመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ትል ነው። እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ይኖራል፣ በባዶ እግር ለሚሄድ ሰው በቆዳው በኩል ይገባል። ከሌሎቹ የሚለየው አንጀት ውስጥ የፈለፈለው እጭ ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው የአንጀትን ግድግዳ ወይም የፊንጢጣ አካባቢን ቆዳ በስቶ ተመልሶ መግባት መቻሉ ነው። ያው ሰው ራሱን መልሶ ያስይዛል ማለት ነው። ካልታከመ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። የሚሰማው ደግሞ «ጨጓራ ነው» ይላል፤ ከእንብርት በላይ የሚያቃጥል ሕመም፣ መነፋት፣ ሄድ መለስ የሚል ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ደረቅ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ።

አንድ ምልክት ግን የራሱ ብቻ ነው። መቀመጫ፣ ጭን ወይም ወገብ ላይ የሚያሳክክ ቀይ መስመር ይወጣል። መስመሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይጓዛል። ጠዋት ጭን ላይ የነበረው ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ ታገኙታላችሁ፣ በማግስቱ ደግሞ የለም። ቀጠሮ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ስትደርሱ ቆዳችሁ ንጹሕ ሆኖ ይቆያችኋል። ስለዚህ በወጣ ቁጥር ጫፉን በእስክሪብቶ አመልክቱና በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሙት። ምልክቱን አልፎ ሲሄድ የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች ከብዙ ማብራሪያ ይሻላሉ።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። ይህን ታውቁታላችሁ። ጣና፣ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የዋኘ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ያጠበ፣ በመስኖ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሠራ ሰው ሊይዘው ይችላል። እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው በቆዳ በኩል ይገባል። (ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር ዓድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያስተዋሉት ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚረዳ ግኝት ነበር።) ትሉ በአማካይ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይኖራል፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየበትም ሰው አለ። የአንጀቱ ዓይነት ቀስ በቀስ ጉበትን ያጠቃል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ መጨረሻው ደም ማስመለስ ሊሆን ይችላል። የሽንት ቧንቧው ዓይነት እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል፤ ሽንት ላይ ደም ያሳያል፣ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ለፊኛ ካንሰር ያጋልጣል።

ሦስተኛው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ለዓመታት ይቆያል። ምርመራውም ቀላል ነው፣ ሰውየው ራሱ ያየዋል፦ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ተቆራረጠ ፓስታ ያለ ነገር ሰገራ ላይ ወይም የውስጥ ልብስ ላይ ሲንቀሳቀስ። ማፈር አያስፈልግም። በትንሽ ዕቃ ውሃ ጨምራችሁ ውሰዱት ወይም ፎቶ አንሡት።

ጃርዲያና አሜባ ትል አይደሉም፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ተሕዋስያን ናቸው። በቅርብ ለመጣ ወይም አገር ቤት ደርሶ ለተመለሰ ሰው መጠርጠር አለባቸው። በተለይ ጃርዲያ ለወራት ሊጎተት ይችላል።

2. ከቀጠሮው በፊት አንድ ገጽ ጻፉ

እዚህ አገር ሐኪሙ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው። የምትናገሩት ካልተዘጋጀ ያልፋል። ደግሞ የእኛ ሰው፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ማታ ሙሉ ሲያቃስቱ ያደሩት እናት ሐኪሙ ሲጠይቃቸው «ትንሽ ይነፋኛል» ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጻፉ።

መጀመሪያ የት እንዳደጋችሁ። ፓስፖርቱ ላይ አዲስ አበባ የሚል ከሆነ ሐኪሙም አዲስ አበባ ብሎ ይመዘግባል፤ እናንተ ግን እስከ አሥራ አምስት ዓመታችሁ ዝዋይ ዳር ወይም ከሚሴ ወንዝ አጠገብ አድጋችሁ ይሆናል። ለውጤቱ ወሳኙ ይኼኛው ነው። ቀጥሎ የመጣችሁበት መንገድ። ሱዳን ወይም ኬንያ ካምፕ ውስጥ የኖረ፣ በሞያሌ በኩል ታንዛኒያና ማላዊን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ የገባ፣ ከብራዚል ተነሥቶ የፓናማን ጫካ በእግሩ የተሻገረ ሰው እያንዳንዱን አገር ይጻፍ። የፓናማው ጭቃ ለስትሮንግሎይድስ የተመቸ ነው። ካሜሩን፣ ጋቦን ወይም ኮንጎ የኖራችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ሳትናገሩ እንዳታልፉ። እነዚያ አገሮች ውስጥ ሎአ ሎአ የሚባል የዓይን ትል አለ፣ ያ ያለበት ሰው ስትሮንግሎይድስን የሚያጠፋውን አይቨርሜክቲን የሚባል መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ደሙ መታየት አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ትል የለም።

ከዚያ ከመምጣታችሁ በፊት የወሰዳችሁት መድኃኒት። በስደተኛ ፕሮግራም ወደ አሜሪካ የገቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመሳፈራቸው በፊት የትል መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ በያዙት የጤና ወረቀት ላይም ይጻፋል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ሰው ግን ይህን አያገኝም። የቪዛው የጤና ምርመራ ሳንባ ነቀርሳን፣ ቂጥኝን፣ ክትባትን ያያል፤ የሆድ ትል አይፈልግም። «ኤምባሲ አስመርምሮኝ አልፌያለሁ» የሚለው መተማመኛ እዚህ አይሠራም።

በመጨረሻም የሚሰማችሁን ከነጊዜው፣ አሁን የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከሻንጣ ያወጣችሁትን ቲኒዳዞልና አልቤንዳዞልም ጨምራችሁ ጻፉ።

አስተርጓሚን በተመለከተ አንድ ነገር። እናት ልጇ ፊት ስለ ሰገራዋ አትናገርም፣ አባትም ልጁ ፊት ስለ ሽንቱ ደም አያወራም። አሜሪካ ውስጥ ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉና እናንተ ኮሪደር ላይ ጠብቁ።

3. የትኛውን ምርመራ ትጠይቃላችሁ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ሐኪሞችም ጭምር።

አሜሪካ ውስጥ «የሆድ ምርመራ» ሲባል ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በአንድ ጊዜ የብዙ ጀርም ዘረ መል የሚፈልግ የፒሲአር ምርመራ (ፓኔል) ነው። ጥሩ ምርመራ ነው። ባክቴሪያና ቫይረስ ይፈልጋል፣ ጃርዲያንና አሜባንም ያገኛል። ነገር ግን በተለምዶ የሚታዘዘው ዓይነት ትል አይፈልግም። ስትሮንግሎይድስ የለበትም፣ ቢልሃርዚያም የለበትም። ስለዚህ «ፓኔሉ ኔጌቲቭ ነው» ሲሏችሁ ትል የለም ማለት አይደለም። አልተፈለገም ማለት ነው።

የምትጠይቁት ይህን ነው፦

የስትሮንግሎይድስ የደም ምርመራ፣ ማለትም ሰውነት ትሉን ለመከላከል የሚሠራው አይጂጂ አንቲቦዲ። ለረጅም ጊዜ ለቆየ ሕመም ዋናው ይኸው ነው። እጩ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም፣ አንድ ሰገራ ብቻ ከታየ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛ ሊያመልጥ ይችላል። የደሙ ምርመራ በጣም ይሻላል።

የቢልሃርዚያ የደም ምርመራ። ውሃ ውስጥ ገብቶ ለሚያውቅ ሁሉ። ከዚህ ጋር የሽንትና የሰገራ ምርመራ ይታዘዛል።

ሙሉ የደም ቆጠራ ከነጭ የደም ሴሎቹ ዝርዝር ጋር። ዝርዝሩ ውስጥ ኢዮሲኖፊል የሚባለውን እዩ። መቶኛውን ሳይሆን ቁጥሩን። በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ500 በላይ ከሆነና ከቆየ፣ ከቆላም ሆነ ከደጋ ለመጣ ሰው ትል መፈለግ ግዴታ ነው። አለርጂና አስም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ከፍ ያደርጉታል። ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ግን አትተማመኑ። ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ስትሮንግሎይድስ ሊኖር ይችላል፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰውማ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል።

በማይክሮስኮፕ የሚታይ የሰገራ ምርመራ፣ ሦስት ጊዜ።

ሐኪሙ ካመነታ አትጣሉት። በትሕትና «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፣ ካናዳና አውሮፓ ውስጥ ከእኛ አካባቢ ለሚመጡ ሰዎች የስትሮንግሎይድስና የቢልሃርዚያ የደም ምርመራ እንዲሠራ መመሪያ አላቸው» በሉት። እውነት ነው። የካናዳው መመሪያ በ2011 ለስደተኞች፣ የአውሮፓ ኅብረት የበሽታ መከላከያ ማዕከል ደግሞ በ2018 ይህን መክረዋል። አሁንም ካልሆነ ወደ ተላላፊ በሽታዎች ስፔሻሊስት እንዲልካችሁ ጠይቁ።

4. ሰገራውን በአግባቡ ስጡ

ሦስቱን በተለያየ ቀን፣ ቀን እየዘለላችሁ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ጨርሱ። ሦስቱንም በአንድ ቀን መስጠት አንድ ከመስጠት ብዙም አይለይም። አንቲባዮቲክ ወስዳችሁ ከሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆዩ። ባሪየም ጠጥታችሁ ራጅ ከተነሣችሁ ደግሞ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቆዩ።

ሽንት ቤቱ ጎድጓዳ ላይ ንጹሕ ፕላስቲክ ዘርጉ ወይም ላቦራቶሪው የሚሰጠውን ባርኔጣ መሰል ዕቃ አድርጉ። ሽንትም የቧንቧ ውሃም እንዳይነካው። ደም ወይም ንፍጥ ያለበትን ክፍል መርጣችሁ በማንኪያዋ ውሰዱ፣ በዕቃው ላይ እስከተሰመረው መስመር ሙሉ፣ ክዳኑን ግጠሙና ነቅንቁ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ማቆያ ኬሚካል ነው፣ መርዝ ነው። «ቆሻሻ ውሃ ነው» ብለው እጥብ አድርገው የሚያስረክቡ አሉ። እንዳትደፉት፣ ልጆችም እንዳይነኩት። ስትሮንግሎይድስን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ለማየት የሚፈለግ ሰገራ ከሆነ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ያኔ ኬሚካል የሌለበት ትኩስ ሰገራ ነው የሚፈለገው፣ ፍሪጅ ውስጥም አይገባም፣ በዚያው ቀን ቶሎ ይደርሳል።

5. ውጤቱን ማንበብ

ስትሮንግሎይድስ ፖዘቲቭ ከሆነ ይታከማል። ሕመም ኖረም አልኖረም። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ቢልሃርዚያ ፖዘቲቭ ከሆነና ከዚህ በፊት ታክማችሁ የማታውቁ ከሆነ ይታከማል። ታክማችሁ ከነበረ ግን አንቲቦዲው ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻ ትሉ አለ ማለት አይደለም። ያኔ ሰገራና ሽንት፣ አስፈላጊ ከሆነ የጉበትና የጣፊያ አልትራሳውንድ ይወስናል።

ስለ አሜባ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አገር ቤት እያለን ግማሻችን «አሜባ አለብህ» ተብለን ያደግን ነን። በማይክሮስኮፕ የሚታየው አሜባ ሁለት ዓይነት ነው፣ በመልክ አይለያዩም። አንዱ፣ ሂስቶሊቲካ፣ አንጀትን ያቆስላል፣ ጉበት ላይ መግል ያመጣል። ሌላው፣ ዲስፓር፣ ምንም አያደርግም። የሚለያቸው የአንቲጅን ወይም የፒሲአር ምርመራ ነው። ውጤታችሁ ላይ ሁለቱ ስሞች ተያይዘው ከተጻፉ «የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢንታሚባ ኮላይና ኢንዶሊማክስ ናና የሚሉት ደግሞ አይጎዱም፣ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም፤ የተበከለ ውሃ ወይም ምግብ እንደገባ ግን ይናገራሉ፣ ስለዚህ ሌላ ነገር አብሮ መኖሩን መፈለግ ተገቢ ነው።

ሁሉም ኔጌቲቭ ከሆነ ትሉን ተዉትና ሌላ ፈልጉ። ከወገኖቻችን «ጨጓራ» በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ በትንፋሽ ወይም በሰገራ ይመረመራል። ወተት የማይስማማውም ብዙ ነው። ክብደት እየቀነሰ፣ ሰገራ ላይ ደም እየታየ ወይም የብረት ማነስ ያመጣው ደም ማነስ እያለ «ትል ነው» ብላችሁ እንዳትቀመጡ። በተለይ ከ45 ዓመት በላይ ከሆናችሁ የትልቁ አንጀት ካሜራ ምርመራ ይደረግ። የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፣ እውነት ነው፤ ከአገር ከወጣ ሃያ ዓመት የሆነው ሰው ደም ማነስ ግን የእርሱ ሥራ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

6. ሕክምናው

ለስትሮንግሎይድስ አይቨርሜክቲን። በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባለ 3 ሚሊ ግራሙን አራት ክኒን በአንድ ጊዜ ይውጣል፣ በማግስቱ ይደግማል። በቃ። አይቨርሜክቲን መውሰድ የማይችል ሰው አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን ይታዘዝለታል፣ ግን ደካማ ነው። አገር ቤት በዘመቻ የሚሰጠው አንድ አልቤንዳዞል ስትሮንግሎይድስን አያጠፋም። «እኔ በየስድስት ወሩ የትል መድኃኒት እወስዳለሁ» የሚለው ሰው ይህን ይወቅ።

ለቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል። በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ቀን፣ አንዴ ወይም ለሁለት ተከፍሎ። ያው 60 ኪሎ ሰው ባለ 600ውን አራት ክኒን ማለት ነው። ከምግብ ጋር ይወሰዳል። በጣም ይመራል፣ አፍ ውስጥ አታቆዩት። ሊያዞር ስለሚችል በዚያን ቀንና በማግስቱ መኪና አትንዱ። የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፣ ገና ያላደገው ያመልጣል። በቅርቡ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ቢወስድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ለኮሶ ያው ፕራዚኳንቴል በትንሽ መጠን፣ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ አንዴ። የኮሶ አበባ ከአገር ቤት አስልካችሁ አትጠጡ። መጠኑ አይታወቅም፣ ሲበዛ መርዝ ነው፣ ለደከመ ሰውና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ኖሮበት የሚያውቅ ሰው ፕራዚኳንቴልም ሆነ አልቤንዳዞል ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ጭንቅላት ውስጥ የተደበቀ የአሳማ ኮሶ እጭ ካለ መድኃኒቱ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንዴ ይበቃል። ለጃርዲያ ቲኒዳዞል 2 ግራም አንዴ፣ ወይም ሜትሮኒዳዞል ከአምስት እስከ ሰባት ቀን። ለሂስቶሊቲካ አሜባ ሜትሮኒዳዞል ከሰባት እስከ አሥር ቀን፣ ከዚያ አንጀት ውስጥ የቀረውን የሚጠርግ ፓሮሞማይሲን። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ እናንተ አስታውሱ። በሁለቱ «ኒዳዞሎች» ላይ እያላችሁና ከጨረሳችሁ በኋላ ለሦስት ቀን ቢራ፣ ጠጅ፣ ጠላ፣ አረቄ አይቀመስም።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ከ15 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን የተለየ ውሳኔ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱን ከሻንጣ አውጥቶ ለልጅ መስጠት የለም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው የትል መድኃኒትም ስትሮንግሎይድስንና ቢልሃርዚያን አይነካም።

7. ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ ለወላጆቻችሁ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ስትሮንግሎይድስ ያለበት ሰው ሰውነቱ ትሉን በቁጥጥር ሥር ይዞት ይኖራል። ፕሬድኒሶን ወይም ዴክሳሜታሶን ሲጀምር ያ ቁጥጥር ይላላል። እጮቹ በሺዎች ተባዝተው አንጀትን ይበሳሉ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አንጎል ይሄዳሉ፣ የአንጀት ባክቴሪያም ይዘው ደም ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ቢታከም እንኳ ብዙ ሰው አይተርፍም።

ስቴሮይድ ደግሞ ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ ለሉፐስ፣ ለካንሰር፣ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ ለኮቪድም ይሰጣል። የሚያሳስበኝ በተለይ ይህ ነው፦ አባት ያስላሉ፣ ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል፣ «አስም ነው» ተብሎ ፕሬድኒሶን ይሰጣቸዋል። ሳሉን ያመጣው ራሱ ስትሮንግሎይድስ ከሆነ እሳት ላይ ቤንዚን ተጨመረ ማለት ነው።

ስለዚህ ሐኪም ስቴሮይድ፣ ኬሞቴራፒ ወይም የንቅለ ተከላ መድኃኒት ሊጀምር ሲል እንዲህ በሉት፦ «ስትሮንግሎይድስ ባለበት አገር ነው ያደግኩት፣ መጀመሪያ የደም ምርመራው ይደረግልኝ።» ጊዜ ካለ ውጤቱ ይጠበቃል። ጊዜ ከሌለ ደሙ ይወሰድና ውጤቱ ሳይመጣ አይቨርሜክቲን ይሰጣል። ብዙ ሐኪሞች ሲነገራቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ከመካከለኛውና ከምዕራብ አፍሪካ ለመጣ ሰው የሎአ ሎአው ጥንቃቄ እዚህም አለ።

አስቀድማችሁ ስቴሮይድ እየወሰዳችሁ ከሆነ በድንጋጤ እንዳታቋርጡ። በድንገት ማቋረጥ ራሱ ይጎዳል። ለሐኪማችሁ ደውሉና ምርመራውን ጠይቁ። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመምና ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንገት መገተር ወይም እንብርት ዙሪያ ሐምራዊ ነጠብጣብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያም «ስትሮንግሎይድስ» የሚለውን ስም አፋችሁን ሞልታችሁ ተናገሩ።

8. ቤተሰብ፣ ክትትል፣ የአገር ቤት ጉዞ

ውጤቱ ፖዘቲቭ ሲሆን ብዙ እናቶች የመጀመሪያ ጭንቀታቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ማቀፍ ይተዋሉ፣ ምግብ መሥራት ይፈራሉ። አይፈሩ። የስትሮንግሎይድስና የመንጠቆ ትል እጭ፣ የወስፋትም እንቁላል ሌላ ሰው ለመያዝ መጀመሪያ አፈር ላይ መቆየት አለበት፤ ቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። ዘመናዊ ሽንት ቤት ባለበት ቤት ከእማማ እጅ ወደ ሕፃን አይተላለፍም። ጃርዲያና አሜባ ግን ከእጅ ወደ አፍ ይተላለፋሉ፣ ለእነርሱ እጅ በሳሙና መታጠብ ነው። አብረዋችሁ ያደጉ እኅት ወንድሞቻችሁ ግን ያንኑ አፈር ረግጠዋል፣ ያንኑ ውሃ ዋኝተዋል። ደውሉላቸውና ይመርመሩ።

ከሕክምና በኋላ «ተሻለኝ» ብላችሁ አትጥፉ። ኢዮሲኖፊል ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይታያል። የስትሮንግሎይድስ የደም ምርመራ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ይደገማል፣ ቁጥሩ መውረድ አለበት። ካልወረደ ድጋሚ ሕክምና ይታሰባል። የቢልሃርዚያ እንቁላል ታይቶ ከነበረ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ሰገራው ወይም ሽንቱ ይደገማል። ለኮሶ በአንደኛውና በሦስተኛው ወር ይታያል፣ ጭንቅላቱ ከቀረ መልሶ ያድጋልና። ውጤቶቹን በስልካችሁ አስቀምጡ፣ ሐኪም በቀየራችሁ ቁጥር ከመጀመሪያው እንዳትጀምሩ።

አገር ቤት ስትሄዱ ጫማ አድርጉ፣ ገጠርም ሆነ ጓሮ። ባሕር ዳር ደርሳችሁ ጣናን በጀልባ ጎብኙት፣ ልጆቹ ግን ውስጡ አይግቡ። ገብተው ከሆነ ከተመለሳችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ያስመርምሯቸው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ምርመራ ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። በመካከሉ ትኩሳት፣ ሽፍታና ሳል ከመጣባቸው ግን ቀኑን አትጠብቁ፣ ሐይቅ ውስጥ ገብተው እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት።